የሀብተ ማርያም ጥንስስ

ከሚሊኒየሙ በፊት በነበረው ክረምት፣ የሐምሌ ሚካኤል ማኅበር ተራው የልብስ ሰፊው የሀብተ ማርያም ነበር። ሀብተ ማርያም በቦንጋ ከተማ ስሙን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሱሪው ሳይተኮስ ከደጅ አይወጣም፣ ጭቃ የነካው ጫማ አድርጎ ሰው ፊት አይቆምም። ማኅበርተኞቹ ግን ተራውን በጉጉት የሚጠብቁት ለእሱ ብለው አልነበረም። የሚያስናፍቃቸው የሚስቱ የቀጸላ ጠላ ነው። ቀጸላ ለድግስ ብቻ ሳይሆን ለሽያጭም ትጠምቃለች፤ ጠላ በደረሰ ቁጥር ከአጥሩ ጥግ እንጨት ላይ ጣሳ ትሰቅላለች። ሀብተ ማርያም በዚያ ጣሳ ሥር ሲያልፍ ሁልጊዜ ዐይኑን ወደ ሌላ ያዞር ነበር።

ማኅበሩ ሲቃረብ ቀጸላ የፈላ ውሃ ስታወርድ የድስቱ ጆሮ ከዳትና ሁለቱም እጆቿ እስከ ክርን ድረስ ተቃጠሉ። ጤና ጣቢያ በፋሻ ጠቅልለው መለሷት። ጎረቤታቸው ብርቄ «እኔ እያለሁ ምን ያሳስብዎታል እትዬ?» ብላ መጣችና ጌሾውንና ብቅሉን ጠነሰሰችላት። ጥንስሱ ገና ነፍስ መዝራት ሲጀምር ግን ደካ በሚባለው አገር የሚኖሩት የብርቄ አባት አረፉ። ብርቄ እያለቀሰች መኪና ተሳፈረች፤ የሰፈሩም ሴቶች ለቀብር ተከትለዋት ሄዱ።

«እንግዲህ ይህን ማን ይጨርሰዋል?» አለ ሀብተ ማርያም እንስራውን እያየ።

«አንተ ነሃ» አለች ቀጸላ ከአልጋዋ። «እኔ እየነገርኩህ ትሠራዋለህ።»

«ወንድ ጋን ሲያጥብ የት አገር አይተሻል?»

«እጅ የለኝም ሀብቴ» አለችው በቀስታ።

ሀብተ ማርያም ወጥቶ ሱቁን «አሞኛል» ብሎ ዘጋና የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀረ። ከጓሮ ግራዋ ቆርጦ ጋኑን ያሽ ጀመር። ጋን ማጠብ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው፤ እጁን እስከ ትከሻው ከትቶ ሥሩን ሲፈትግ ወገቡ ተቆረጠ፣ የግራዋው ምሬት ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ቀጸላ የታሰሩ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ደፍ ላይ ተቀመጠችና «ገና ነው፣ አፉን አሽትተው፣ ያለፈው ጠላ ከሸተተህ አልጠራም» ትለዋለች። ሦስቴ አጥቦ ካለቀለቀው በኋላ የወይራ ፍልጥ አቀጣጥሎ ጋኑን በጢሱ ላይ ደፋው።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ተድላ ነበር፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ የልጅነት ጓደኛውም። ሀብተ ማርያም በግራዋ አረንጓዴ የሆኑ እጆቹን ኪሱ ከትቶ በሩን ገርበብ አደረገ።

«ቀጸላን ልጠይቅ መጥቼ ነው። ታመምክ ደግሞ አሉኝ» አለ ተድላ። አየሩን አሸተተ። «ጋን እየታጠነ ነው ልበል?»

«ሴቶቹ ናቸው» አለ ሀብተ ማርያም።

«ደግ። እኔማ አንተ ነህ ብዬ ደንግጬ ነበር!» ተድላ በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ዋጫ ከተማ አንድ ሰውዬ አለ፣ ሚስቱ ስትወልድ ጠላ ጠመቀ። ይኸው እስካሁን ‹እትዬ› ነው የሚሉት።»

ሀብተ ማርያምም ሳቀ። ከተድላ ጮክ ብሎ ሳቀ። በሩን ዘግቶ ሲመለስ ቀጸላ ከደፉ ላይ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገብታ አገኛት።

የቸገረው ደግሞ ውሃው ነበር። ክረምቱ በርትቶ የቧንቧው ውሃ እንደ ሻይ ቀልቷል። የሆድ በሽታ ገብቷል ተብሎ የጤና ኤክስቴንሽኗ በየቤቱ የውሃ መድኃኒት አድላ ነበር። ሀብተ ማርያም ለማኅበር የሚቀርብ ነገር ሰው እንዳይጎዳ ብሎ ከታዘዘው በላይ መድኃኒት ጨመረ። ጋኑ አይበቃም ብሎ የጥንስሱን ግማሽ ወደ ላስቲክ በርሜል ገልብጦ እንኩሮውን ከተተና በዚያ ውሃ ደፈደፈው። ቀኑ መሸ፣ ነጋ፤ በርሜሉ አልተነፈሰም። አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም።

ቀጸላ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ሀኪም ቤት ሀኪም ቤት ይላል» አለች። «ስንት ጨመርክበት?»

«እንዳያንስ ብዬ . . .»

«በሽታውን ብቻ መሰለህ የገደልከው?» ብላ ሳቀች፤ ከተቃጠለች ጀምሮ የሳቀችው ያኔ ነው። እሱም ሳያስበው አብሯት ሳቀ።

በርሜሉን በዝናብ ቦይ ውስጥ ደፉት። ለቀረው ጥንስስ ውሃውን አስቀድመው በሰፊ ሳፋ አስተኙት፤ ጭቃው ሲዘቅጥ ላዩን እየቀዳ አፈላው፣ ሽፋን ሳያደርግ አቀዘቀዘው። ያለ መድኃኒት፣ በእሳት ብቻ። አዲስ እንኩሮ አዘጋጅቶ ጋኑ ውስጥ ደፈደፈና አፉን በጨርቅ አሰረ። በማግስቱ ጆሮውን ወደ ጋኑ ሲያስጠጋ፣ ከውስጥ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ካፊያ የመሰለ ድምፅ ሰማ። ይፈላ ነበር። ደስታው ራሱን አስገረመው፤ ጮኾ ቀጸላን ሊጠራ ቃጥቶት ጎረቤት ይሰማል ብሎ አፉን ያዘ።

የማኅበሩ ቀን ቤቱ ሞላ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የተጎነጩት ጋሽ ፈለቀ፣ ከሁሉም አንጋፋው፣ ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው ቆዩ።

«ቀጸላ እጇን ታስራ ይህን ማን ጠመቀው?» አሉ።

ሁሉም ወደ ሀብተ ማርያም ዞሩ። ማሰሮውን እንደያዘ «ብርቄ ናት» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሳይርቅ ብርቄ ከል ለብሳ ገባች፤ ከደካ መመለሷ ነበር። ሰዉ ካጽናናት በኋላ «እጅሽ ይባረክ፣ በሐዘንሽ ላይ እንዲህ ያለ ጠላ» እያለ ይመርቃት ጀመር። ብርቄ ግራ ተጋብታ ሰዉን አየች።

«እኔ ጠንስሼ ነው የሄድኩት። የጨረሰው ሌላ ሰው ነው» አለች።

ሀብተ ማርያም ፊቱ ጋለ። አሁን እንኳ ሊናገር ይችል ነበር። ግን ተድላ ፈገግ ብሎ እያየው ነበርና «እህቴ . . . እህቴ ከዋጫ መጥታ ነበር» አለ። እህት እንደሌለው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቀጸላና ተድላ በደንብ ያውቁ ነበር። ተድላ አንገቱን ደፋ። ቀጸላ ከመደቡ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ተከትሏት ገባ። ከባዶዎቹ እንስራዎች አጠገብ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች።

«ቀጸላ . . .»

«ስፌት መኪናህን የገዛነው በምን ነበር?» አለችው ሳትዞር።

ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«በዚህ ጋን ነው። ያን ሁሉ ዓመት እኔ ስጠምቅ የሚያሳፍር ሥራ እንደምሠራ አድርገህ ታየኝ እንደነበር ዛሬ ገና አወቅሁ። ለራስህ ስትሆን እህት ፈጥረህ ደበቅኸው። እኔን የት ነበር የምትደብቀኝ?»

ሀብተ ማርያም ያን ጣሳ አስታወሰ፣ በሥሩ ሲያልፍ ዐይኑን ማዞሩን። ሰው ሳያየው ያደረገው መስሎት ነበር። ማሰሮውን ከጋኑ ሞልቶ ወደ ሰዉ ወጣ።

«እህት የለኝም» አለ። «የጠመቅሁት እኔ ነኝ። ጋኑንም ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ከበሩ አካባቢ አንዱ በሳቅ ፈነዳና ሳቁ ቤቱን ሞላው። ተድላ አልሳቀም፤ ቀና ብሎም አላየውም። ጋሽ ፈለቀ ብርጭቋቸውን ትንሽ አሽከርክረው ሳይጠጡ አስቀመጡት። ሀብተ ማርያም ይህን አየ፣ ጆሮው ድረስ ነደደ፣ ሆኖም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ መቅዳቱን ቀጠለ።

ቀጸላ ከጓዳ ወጥታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ለእኔስ አትቀዳም?» አለችው።

ቀዳላት። እጆቿ እንደታሰሩ ስለነበሩ ተንበርክኮ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋ። ሳቁ ቀነሰ። ሁለቴ ተጎነጨች፤ ትንሽ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ።

«ጌሾው በዝቷል» አለች።

በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት ከማዶ አንዱ ጎረምሳ «እትዬ ሀብቴ፣ እንደምን አደሩ!» ብሎ ጮኸበት። ሀብተ ማርያም መቀሱን አንሥቶ ጨርቁ ላይ አጎነበሰ። ፊቱ ጋለበት። ከሰዓት በኋላ ቀጸላ ፋሻዋን ለማስቀየር ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ነበርና ሱቁን ጊዜው ሳይደርስ ዘግቶ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት በገበያው መሃል፣ ክንዷን ደግፎ ይዟት ሄደ።