«ሐይቁ ላይ ነኝ፣ መኪናውን አስነሱ!»

ሳንታ ኤልቢራ ላይ የበረራ ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው የለም። ያለው አንድ የሣር ሜዳ፣ ሥጋ ወደ ገበያ የሚያደርስ አንድ መኪናና እርስ በርስ በሬዲዮ የሚነጋገሩ አብራሪዎች ናቸው። ከየከብት እርባታው ሥጋ ጭኖ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የወንዙን እጥፋት፣ ቀጥሎ ሐይቁን ያልፍና ያርፋል። እንዳይጋጩም የት እንደደረሰ በሬዲዮ ይናገራል። ይናገራል ስል፣ ይዋሻል ማለቴ ነው። ቀድሞ ያረፈ መኪናዋን ይወስዳላ! የዘገየው በዚህ በቤኒ ምድር ፀሐይ ሥጋውን ታቅፎ ዝንብ እሽ ሲል ይውላል። ስለዚህ እጥፋቱ ላይ ያለው «ሐይቁ ላይ ነኝ» ይላል፤ ገና ከእርባታው የተነሳው ደግሞ «እጥፋቱ ላይ ነኝ» ይላል። ሁሉም እንደሚዋሽ ሁሉም ስለሚያውቅ እየቀነሰ ይሰማል። ጉድ እኮ ነው! በዚህ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

የዚህ ውሸት አባት ዶን አዴማር ነው። «ሐይቁ ላይ ነኝ፣ መኪናውን አስነሱ!» የምትለዋን ያመጣት እሱ ነው፤ ሌሎቹ ከእሱ ነው የተማሯት።

ሴት ልጁ ኒኖስካ ግን አብራሪነቱን ሳንታ ክሩስ ከተማ ተምራ በቅርቡ የተመለሰች ናት። እጥፋቱ ላይ ከሆነች እጥፋቱ ላይ ነኝ ትላለች፣ አለቀ። በዚህም ሁልጊዜ መጨረሻ ታርፋለች። አብራሪዎቹ «ቅድስት ኒኖስካ» እያሉ ይስቁባታል። ትናንት እራት ላይ አባትና ልጅ በዚሁ ነገር ተጣሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እንደ ሰው ተናገሪ እንጂ! ሥጋው እጅሽ ላይ ሊሸት ነው።»

«አባዬ፣ ሜዳው ሁሉ እየተቃጠለ እኮ ነው። በዚህ ጭስ የገዛ ክንፋችን እንኳ አይታየንም። አንድ ቀን ትጋጫላችሁ። እባክህ፣ ነፍሷን ይማርና ስለ እማዬ ብለህ ተው።»

«እኔን በረራ ልታስተምሪኝ ነው? ፀጉሬ የሸበተው እዚያ ላይ ነው!»

በሩን በላዩ ላይ ዘግታው ሄደች። ዶን አዴማር ግን ጋደም ቢልም እንቅልፍ አልወሰደውም። ልጁ በጭሱ መሀል ብቻዋን ስትበር ታየችው። ነገ እውነቱን እናገራለሁ ብሎ ቆረጠ። ለእሷ ግን አልነገራትም። በልጅ ተሸነፍኩ ማለት ሞት ሆኖ ታየው።

በማግስቱ ሁለቱም በየፊናቸው ሥጋ ጭነው ከየእርባታው ተነሱ። ዶን አዴማር እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ምራቁን ዋጠና መናገሪያውን ተጫነ።

«አዴማር ነኝ። እጥፋቱ ላይ ነኝ።»

አፉን ኮመጠጠው። ከኋላ የሚመጣው ወጣቱ አብራሪ ኤርላን በሬዲዮ ሳቀበት።

«ዶን አዴማር፣ ዛሬ ገና አልጋ ላይ ኖት ማለት ነው!»

ወዲያው የልጁ ድምፅ መጣ። «ኒኖስካ ነኝ። ሐይቁ ላይ ነኝ።»

ተመስገን፣ ከፊቴ ናት አለ። ልጁ ዋሽታ አታውቅም። ቀድማ ታርፋለች፣ መኪናዋንም ትወስዳለች፣ እሰየው። ትከሻው ላላ አለ። ሬዲዮው እንደገና ተንጫጫ፤ ራሷ ናት።

«መኪናውን አስነሱ!»

«የአባቷ ልጅ!» አለ ኤርላን በሳቅ ፈንድቶ። ዶን አዴማርም ሳቀ፤ ምን ይደበቃል፣ ደስ ብሎታል። ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ያቺ ቃል የራሱ ናት። ያቺን ቃል የሚላት ደግሞ ገና እጥፋቱ ላይ ያለ ሰው ነው።

በመስኮቱ ተመለከተ። ግራውም ቀኙም ነጭ ጭስ ነው።

«ኒኖስካ! የት ነሽ?»

«ነገርኩህ እኮ አባዬ፣ ሐይቁ ላይ።»

«እውነቱን ተናገሪ! እኔ እጥፋቱ ላይ ነኝ!»

«እኔን ነው የምትሸውደው? አንተ ገና እርባታው ጋ ነህ። ዛሬ እንኳ ልቅደምህ!»

«በእናትሽ አፅም!»

«ኧረ ዶን አዴማር፣ ለአንድ መኪና ብለው አፅም አይቀስቅሱ!» አለ ኤርላን።

የሚያምነው ጠፋ። ማንስ ያምነዋል? ልጄን ገደልኳት አለ በልቡ። እንዳይታጠፍ በየት በኩል እንዳለች አያውቅም፤ ከፍ እንዳይል ከላይ ትሆን ይሆናል። ተራ ለመቅደም የሚዋሽ ሰው ጨርሶ የማይለው ነገር ምንድን ነው?

«ልጄ፣ መኪናው ያንቺ ነው። የኔ ሥጋ ይበስብስ። ወደ እርባታው ልመለስ ነው፤ ግን በየት በኩል እንዳለሽ ሳላውቅ መታጠፍ ፈራሁ። እባክሽ፣ በየት በኩል ነሽ?»

ዶን አዴማር ተራውን ሲተው ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ድምፅዋ ሲመጣ የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«አባዬ... እኔም እጥፋቱ ላይ ነኝ። ወንዙ ከሥሬ፣ በግራዬ ነው።»

ወንዙ ለእሱም በግራው ነበር።

«ከፍ በይ! አሁኑኑ!»

እሱ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋው። የሥጋው ጭነት ተንሸራቶ ወንበሩን ከጀርባው መታው። ጨለም ያለ ነገር ከራሱ በላይ አለፈ፤ ጎማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ ሳይቀር አየው።

ሁለቱም አረፉ። መኪናዋን የነካት የለም። ኒኖስካ ክንፏ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት። አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን ትከሻዋ ላይ ሊያደርግ ፈለገ፣ አልቻለም።

«ዛሬ ምን ነክቶህ እውነት ተናገርክ?» አለችው።

«ትናንት ለምነሽኝ የለ?»

ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እኔም እኮ ትናንት እንደ ሰው ተናገሪ ብለኸኝ ነው።»

በተከፈተው የአውሮፕላኗ በር የኤርላን ድምፅ ወጣ።

«ሐይቁ ላይ ነኝ፣ መኪናውን አስነሱ!»

አባትና ልጅ ወደ ሐይቁ ዞሩ። እዚያ በኩል ነፋሱ ጭሱን ገፎት ውሃው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በላዩ አንድም አውሮፕላን አልነበረም።