የአውሬው ሁለተኛ ዓይን

ሶፋ ሠሪው ለልጁ ለሚጢ የሰፋላት የጨርቅ አውሬ አንድ ዓይኑን መትከል ብቻ ቀርቷል። ጀርባው ከአንድ ዳኛ ወንበር የተረፈ ቡናማ ከፋይ፣ ሆዱ ስፖንጅ ነው። አንዱ ጆሮው ከሌላው ይረዝማል። ሰውዬው ሶፋ በማልበስ የሚስተካከለው የለም፤ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ላይ ግን ጣቱ አልታዘዝ ብሎታል።

አውሬው ከሥዕል መጽሐፍ የተቀዳ ነው። መጽሐፉን የላከችው ሩቅ ከተማ ሥራ ያገኘችው እናትየው ናት። ታሪኩ ላይ አንዲት ልጅ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አውሬ ትሰፋለች፤ ሁለተኛው ዓይን ሲገባለት ነፍስ ይዘራል፤ በመጨረሻው ገጽ አመስግኗት ዓለምን ሊያይ በመስኮት ይወጣል። ሚጢ ያቺን ገጽ አትወዳትም። እዚያ ሲደርሱ "በቃን" ብላ መጽሐፉን ትከድናለች።

እናትየው በስልክ፣ "ትምህርት ሳይጀመር ልጄን አምጣልኝ" ብላዋለች። ለልጅቱ እንደሚሻላት አባት አላጣውም። እሱ ደግሞ ሱቁን ጥሎ አይሄድ ነገር። ሚጢ የሌለችበትን ቤት እያሰበ፣ ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ እያለ ከረመ።

ዛሬ መርፌው ላይ ክር አስገብቶ ሲዞር፣ ለዓይን የመረጣት ቁልፍ የለችም። ጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ ፈለገ። ቀና ሲል ሚጢ እጇን ጨብጣ ቆማለች።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ እስቲ ክፈቺው።"

"አልከፍትም። ሁለቱም ዓይኑ ከበራ ይሄዳል።"

አባት ሳቁ መጣ። "አንቺ ጉደኛ! እንዲያ ለምነሽ አሠርተሽኝ፣ እንዳይሄድብሽ ብለሽ አንድ ዓይና ልታስቀሪው?"

"የኔ አይደለማ፤ ያንተ ነው። እኔ እማዬ ጋ ስሄድ ካንተ ጋር እንዲቀመጥ ነው ያሠራሁህ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ስልክ ስታወራ ትጮሃለህ።"

ሶፋ ሠሪው አፈረ። እሱ ልንገራት አልንገራት ሲል፣ ልጅቱ ነገሩን ብቻዋን ተሸክማው ከርማለች። እጁን ዘረጋላት።

"አምጪያት።"

"ይሄዳል እኮ!"

"ይሂድ። አንድ ዓይና ሆኖ እኔ ጋ ተወሽቆ ከሚቀር፣ አይቶ ቢሄድ ይሻለዋል።"

ትንሽ አሰበችና ቁልፏን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። በእጇ ሙቀት ሞቃለች። እንባው እየጋረደው፣ ጣቱን ደጋግሞ እየወጋ ሰፋት። ከዚያ እዚያው ልጅቱ ፊት ስልክ ደወለ።

"ቅዳሜ አመጣታለሁ" አለ።

ስልኩን ሚጢ ተቀበለችው።

"እማዬ፣ እኔ ከመጣሁ በኋላ ለአባዬም ትደውይለታለሽ አይደል?"