የሚተነፍሰው ቁም ሳጥን

«ነገ ጋሪ ይመጣና የቁም ሳጥኑን ቀፎ ለሌላ አናጢ ይወስደዋል። ሥራ ቤቱንም እንዘጋዋለን» አሉ ጋሼ፣ የሻይ ብርጭቆውን በእጃቸው እያዞሩ። «እሷ ምን ልታደርገው ነው?»

ጋሼ የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሚያናግሩት ልታጽናና የመጣችውን አዋላጅ ነው። ሟቹ ለክሊኒኳ ባለ ሦስት መሳቢያ የኮምፔንሳቶ ቁም ሳጥን ጀምሮላት ነበር፤ ሳይጨርሰው ሞተ። አዋላጇ አንገቷን ደፍታ «እንዳሉ ይሁን» አለች። ሁለቱም በሹክሹክታ ያወሩ መስሏቸዋል። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን አንድም ቃል አላመለጣትም።

በዚያ ሥራ ቤት ቀፎ የሚሠራው እሱ፣ መሳቢያ የምትሠራው እሷ ነበሩ። ይህንን ከሁለቱ በቀር የሚያምን አልነበረም። ደንበኛ «እጅህ ይባረክ» ሲለው «የእሷን እጅ መርቁ» ይላል፤ ደንበኛውም የባልና ሚስት ጨዋታ መስሎት ይስቃል።

ሰፈሩ ያወጣለት ስም «ገና ነው» ነበር። አለቀ ወይ ሲሉት መልሱ ያው ነበርና።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሲተነፍስ።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ቁም ሳጥኑ ክፍተት ከሌለው፣ አንዱን መሳቢያ ሲዘጉት ውስጥ የታፈነው አየር ሌላኛውን ገፋ አድርጎ ያወጣዋል። እነሱ መተንፈስ የሚሉት ይህንን ነው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንድም አልተነፈሰላቸውም። «ያንቺ መሳቢያ ሰፍቶ ነው» ይላታል። «ያንተ ጀርባ አየር አሳልፎ ነው» ትለዋለች። ኮላ በአውራ ጣቱ እየለቀለቀ ስለሚያዝረከርክም ትቆጣዋለች፤ እሱ ያዝረከረከውን በብርጭቆ ወረቀት የምታሸው እሷ ነበረች። በመጨረሻው ቀንም የአዋላጇን ቁም ሳጥን ጀርባ በኮላ ለጥፎ፣ «እስኪደርቅ ጋደም ልበል» ብሎ ገባ። በዚያው ቀረ።

«ውሃ ልቅዳ» ብላ ተነሣች። በጓሮ በኩል ዞራ ሥራ ቤቱ ገባች።

ቀፎው እንደተወው ቆሟል። ሁለቱን መሳቢያዎች ቀደም ብላ ጨርሳቸዋለች፤ የቀረው የመጨረሻው ነው። በመጋጠሚያው ሁሉ ጥፍሯን አስኬደች። ጥፍሯ የሚገባበት ቦታ አጣ። ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ ገጥሞ አያውቅም። ሐዘን ቤት ውስጥ ደስ ማለት ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ደስ አላት።

ነጠላዋን ምስማር ላይ ሰቀለችና ኮምፔንሳቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ በመጋዝ ያዘችው። የጣውላው ጫፍ ሲንቀጠቀጥባት ቀና እንኳ ሳትል፣

«ያዘው እንጂ!» አለች።

ጫፉ ጸጥ አለ። መጋዙም ቆመ። ቀና ስትል ጋሼ ናቸው፤ ሊቆጧት መጥተው በሁለት እጃቸው ጨብጠውት ቆመዋል።

«እኔን ነው?» አሉ።

«እሱን ነበር።»

ጋሼ እንባቸውን በትከሻቸው ጠረጉት፤ እጃቸውን ግን አላነሡም።

«በይ ቀጥይ፤ ይዣለሁ።»

ቀጠለች። ጥቂት ቆይታም ትቆጣቸው ጀመር። «ዝቅ ያድርጉት እንጂ ጋሼ፣ ሰማይ ሊያደርሱት ነው እንዴ?» ጋሼ ኮታቸውን አወለቁ። ቀጥሎ «ኮላውን እኔ ልቀባ» ብለው ለመኑ። ኮላው እስኪይዝ ድረስም መቀመጥ አቅቷቸው ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር።

የመጋዝ ድምፅ የሰማው ለቀስተኛ አንድ በአንድ ወጣ። «ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው» አለች አንዲት ጎረቤት። ሌላዋ ግን «ዝም በይና እዪ» አለቻት። አዋላጇም ብርጭቆዋን እንደያዘች ወደፊት ቀረበች።

መሳቢያው አልገባ አለ። በመላጊያ አንድ ጊዜ ላገችው። አሁንም አልገባም። «ብዙ እንዳትልጊ፣ ይሰፋል» አሉ ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ አናጢ እንደሆኑ እንጃ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጋ አንድ ጊዜ ደገመችለትና ገፋችው። ገባ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። የላይኛውን መሳቢያ ሳበች። ከዚያ በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

የታችኛው ብቅ አለ።

«ተነፈሰ!» አለች። ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት።

«ድገሚው እስቲ» አሉ ጋሼ። ደገመችው። ደግሞ ብቅ አለ። ከዚያ ራሳቸው ዘጉት፤ ቀጥሎ አዋላጇ፤ አእምሮዋን ነካው ያለችው ጎረቤት ሳትቀር ተራ ያዘች።

«ጋሪው ነገ ወደ እኔ ይምጣ» አለች አዋላጇ። «ለመድኃኒቱም ሌላ አንድ ትሠሪልኛለሽ። ግን ሥራ ቤቱ ይዘጋል ተብሎ አልነበር?»

«ማነው ያለው?» አሉ ጋሼ።

ሰዉ ከፊት ለፊት ሲሻማ እሷ ዞራ ወደ ጀርባው ሄደች። «ያንተ ጀርባ አየር አሳልፎ ነው» የምትለው ሰው የለም፤ ደግሞም አላሳለፈም። ከጥጉ የተንጠባጠበ ኮላ ደርቋል። ላዩ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ አለ።

እንደ ልማዷ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሣች። አጠገቡ አድርሳ ቆመች። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ የራሷን አውራ ጣትም አሻራው ላይ አሳረፈች።