ትንሹ ተሳፍሯል

ትንሹ ልጄ ሲመጣ ቀለም እየተቀባ ነው እለዋለሁ፣ ክፍልህ ቀለም እየተቀባ ነው፣ ሽታው ራስ ያዞራል፣ ለጥቂት ቀን እዚህ ሱቁ ውስጥ ከእኔ ጋር፣ የለም፣ ቀለም ካልኩት ልየው ይላል፣ ይኼ ልጅ እኮ ልየው የማይለው ነገር የለም፣ ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሮ የተከደነ ድስት ሳይከፍት አያልፍም፣ ታዲያ ምን ልበለው፣ ጣራው ያፈሳል፣ አዎ፣ ጣራው ያፈሳል ብለው ይሻላል፣ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል፣ ዝናብ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሰው ልክ መውሰድ አውቃለሁ፣ የውሸት ልክ አላውቅም።

መርገጫውን እረግጣለሁ፣ መርፌው ይወርዳል ይወጣል። የባንኩ ልጅ ሱሪ ነው፣ ባንክ የሚሠራው ተከራዬ፣ እግሩን አሳጥርልኝ ብሎ የሰጠኝ፣ በልጆቼ ክፍል ውስጥ በትንሹ ልጄ አልጋ ላይ የሚተኛው፣ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ጨዋ ነው፣ ኪራዩን ሳልጠይቀው ይከፍላል፣ ጋሼ ይለኛል፣ ማታ ሲገባ እንዳይቀሰቅሰኝ ጫማውን አውልቆ ነው የሚያልፈው፣ ክፉ ቢሆን እንኳ ውጣልኝ ማለት ይቀለኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ አሞት ከሥራ ቀርቷል። ከቀን ሁሉ ዛሬን መረጠ።

አባዬ ተሳፍሬያለሁ አለኝ ትንሹ ጠዋት ደውሎ፣ የት ነው የተሳፈርከው፣ ወደ ቤት ነዋ፣ እረፍት ሰጡን፣ የመሳፈሪያውን ከየት አመጣህ፣ ከምትልኩልኝ ላይ አጠራቅሜ። ከምንልክለት ላይ! ከምንልክለት ላይ ምን ይተርፍና፣ እራቱን እየዘለለ ነው ማለት ነው፣ እራቱን ዘሎ ዘሎ ሊያየን ይመጣል፣ አንጀቴን በላው፣ እኔ ግን ስንት ሰዓት ትደርሳለህ ብቻ አልኩት፣ ከሰዓት፣ ደስ አላለህም እንዴ አባዬ፣ እንዴ፣ ምን ማለትህ ነው፣ ደስ ብሎኛል እንጂ፣ በጣም። ዋሽቼ አይደለም። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናሉ ወይ፣ ይሆናሉ ለካ።

ትምህርቱን መንግሥት አይደል የሚችለው ይሉኛል ደንበኞቼ፣ ሱሪያቸውን እያስለኩ፣ አንተማ ምን አለብህ፣ ሦስት ልጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ተመስገን በል። ተመስገን። ትምህርቱንማ ይችላል፣ ሳሙናውን ማን ይቻል፣ ፎቶኮፒውን፣ ጫማውን፣ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ምግብ ሆዱን ላሳመመው ልጅ ውጭ የሚበላውን፣ ትልቋ ሐኪም ልትሆን ጫፍ ላይ ናት፣ ነጭ ጋወኗን እኔው እሰፋላታለሁ፣ ምሳዋን ግን በመርፌ አልሰፋው። መሀለኛው ያለ ኮምፒውተር አይሆንም አለ፣ ከሰው እየለመነ ነበር የሚሠራው፣ ተገዛለት። ሁለቱ ብቻ ሳሉ እንችል ነበር፣ እኔ በስፌት መኪናዬ፣ እናታቸው በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ፣ እየተጋገዝን። ትንሹ ማለፉን የሰማሁ ቀን ጎረቤት ሁሉ እየሳመኝ፣ እንኳን ደስ አለህ እየተባልኩ፣ ዞር ብዬ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ፣ የደስታ ነው ብላ አፅናናችኝ እናታቸው። የፍርሃትም ነበር፣ አልነገርኳትም፣ አውቃዋለች።

እሱን በሸኘን በሳምንቱ የወንዶቹ ክፍል ተከራየ፣ ቀጥሎ የትልቋ፣ እዚያ አንዲት አስተማሪ ገባች፣ ባለፈው ወር ደግሞ የኛው መኝታ ቤት፣ ስልክ የሚጠግኑ ሁለት ጓደኛሞች። አሁን በገዛ ግቢዬ መታጠቢያ ቤት ለመግባት ተራ እጠብቃለሁ፣ ቀስ ብዬ እስላለሁ፣ የቤቱ ባለቤት ማነው ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ ወደ ባንኩ ልጅ ይጠቁሙታል።

ለልጆቹ ግን ክፍላችሁ እንዳለ ነው። ትልቋ ስትደውል መጋረጃሽን አጥበን ሰቀልነው፣ ለመሀለኛው መጽሐፎችህን አይጥ እንዳይነካቸው ከፍ አድርጌያቸዋለሁ፣ እዚህ ሱቁ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ክፍሉን እያየሁ ነው የማወራቸው፣ እንዴት እንደምችልበት። ለበዓልም ለእረፍትም አትምጡ፣ የመሳፈሪያ ወጪ ነው፣ ጥናታችሁን አጥኑ። ልጆቼን ቤታችሁ አትምጡ የምል አባት ሆንኩ።

ንገራቸው ትለኛለች እናታቸው፣ አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ነገር ወዴት ያደርስሃል፣ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ይሻላል ወይ፣ እነግራቸዋለሁ እላታለሁ፣ ዛሬ ነገ፣ አልነግራቸውም። መሀለኛውን አውቀዋለኋ። ባለፈው ገንዘቡ ቢዘገይበት ጊዜ ምን አለ፣ አባዬ ከከበዳችሁ አቋርጬ ልሥራ፣ ሁለቱ ይማሩ፣ በቃ እኔ ወንድ ነኝ የትም እሆናለሁ። ሥራ ሁሉ አይቶ ነበር፣ የሆነ መጋዘን ውስጥ። ለምኜ ነው የመለስኩት፣ እኔ አባቱ፣ ለምኜ፣ ተትረፍርፎናል ብዬ። አልጋችን ጭምር መከራየቱን ቢሰማ በነጋታው ጓዙን ይጠቀልላል። አንድ ነገር ለአንዱ ከተነገረ ለሦስቱም ተነገረ፣ በስልክ ሲንሾካሾኩ ነው የሚውሉት፣ ትንሹ ደግሞ አፉ ላይ ምንም አያድርም። ስለዚህ ቀለም። ወይ ጣራ። ወይ አክስትህ ጋ እደር፣ አክስቱ አገር አቋርጣ ሄዳለች፣ ምን ነካኝ።

ክሩ ተበጠሰ። እንደገና አስገባለሁ፣ የመርፌው ቀዳዳ ይሸሸኛል።

ተነስቼ ወደ ባንኩ ልጅ እሄዳለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ ልጄ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ጓደኛህ ጋ፣ ኪራዩን እቀንስልሃለሁ፣ ከየት እንደምቀንስ እንጃ፣ የዚህ ወር ኪራይ ለትልቋ ተልኮ አልቋል፣ ደሞስ የታመመ ልጅ ውጣ ይባላል፣ እሱንስ ከቤቱ የላከችው እናት የለችውም፣ በሩ ጋ ደርሻለሁ፣ ሳልጠራው ራሱ ይከፍታል፣ ጋሼ ሰላም ነው፣ ችግር አለ፣ ኧረ ምንም፣ ሱሪህ ደርሷል ልልህ ነው። አልደረሰም፣ ገና አንዱ እግር ነው ያለቀው። ወደ ሱቁ እመለሳለሁ፣ ጀግናው።

የግቢው በር ሲጢጥ ይላል። ገና ነው እኮ፣ ከሰዓት እደርሳለሁ አላለም እንዴ፣ እሱ ነው፣ በሱቁ የኋላ መስኮት አየዋለሁ፣ ቦርሳውን አዝሎ፣ ከስቷል፣ አንገቱ ረዝሟል፣ ወደ እኔ አይመጣም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ክፍሉ፣ ልጠራው ከወንበሬ እነሳለሁ፣ ቀድሞኛል፣ በሩን በትከሻው ይገፋል፣ አይከፈትም፣ ማነው ይላል ከውስጥ የባንኩ ልጅ፣ ይከፍታል፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ልጄ ወደ ኋላ ይላል። ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው።

ቤት ተሳስቼ ነው አለ። ድክ ድክ ባለበት ግቢ ቆሞ።

ዞሮ በሩን ያያል፣ የውሃ ቧንቧውን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ የማያውቃቸው ሸሚዞች ተሰጥተዋል፣ ከዚያ እኔን፣ በመስኮቱ። ይመጣል። አባዬ። ይስመኛል፣ ቀለሙም ጣራውም አፌ ላይ ይደርቃሉ። አይጮህም፣ አያኮርፍም፣ ሱቁን ዙሪያውን ያያል፣ የእናቱ ሹራብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የእህቴስ ክፍል፣ እሱም፣ እላለሁ፣ የእናንተስ፣ እሱም። ታዲያ እናንተ የት ነው የምትተኙት፣ እዚሁ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ማታ ጨርቁን አንስተን ፍራሽ እንዘረጋለን፣ ይመቻል እኮ፣ ወገቤን እንዲያውም ተሻለኝ። ተሻለህ። አዎ። ጠረጴዛውን በመዳፉ ይዳስሰዋል፣ ደጋግሞ፣ ሰው የታመመን ሰው ግንባር እንደሚዳስስ።

ስልኬ ይጮሃል፣ ትልቋ ናት፣ ሳልቀድመው እሱ ያነሳዋል። አለቀ። አሁን ይነግራታል፣ እሷ ለመሀለኛው፣ መሀለኛው ወደ መጋዘኑ፣ ይሁን፣ ይንገራት፣ ደክሞኛል። ደረስኩ እኮ ይላታል፣ አሁን፣ ደህና ናቸው፣ አባዬማ ወፍሯል፣ ይስቃል፣ የት ልሆን ነው፣ ክፍሌ ውስጥ ነኛ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው የማወራሽ፣ ያንቺም አለልሽ፣ አሁን ከፍቼ አየሁት፣ ትንሽ አቧራ ይዟል፣ እጠርግልሻለሁ። ሱቁ መሀል ቆሞ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ። አይንተባተብም። አቧራውን ከየት አመጣው፣ እኔ ይኼን ሁሉ ጊዜ ስዋሽ አቧራ ትዝ ብሎኝ አያውቅም፣ አቧራ ነው ነገሩን እውነት የሚያስመስለው፣ አፉ ላይ ምንም የማያድርበት ልጄ፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ልክ እንደኔ፣ ክፍሉን እያየ ነው፣ እሺ፣ በርቺ፣ ስለኛ አታስቢ ይላታል፣ እኔ ክፍሉን ብቻ የወሰድኩበት መስሎኝ።