የማይሸፈነው ሰው

የሽጉጥ ፈቃድ ትምህርቱ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ እንዳለቀ፣ አሰልጣኛችን ሮይስ የአንድ መድን ኩባንያ የውል ወረቀት አደለን። በየወሩ ከከፈልን፣ ራሳችንን ስንከላከል ሰው ብንመታ ኩባንያው ጠበቃ ያቆምልናል።

"ሌባ ቤትሽ ገብቶ ብትተኩሺበት፣ ተከሳሿ አንቺ ነሽ" አለኝ። "ከብቶችሽን ሸጠሽ ነው የምትከራከሪው፣ ኦፓል።"

እኔ ደግሞ ሰላሳ ዓመት ከብት ስሸጥ ውል የማነበው ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው። እዚያ ላይ፣ የተመታው ሰው የትዳር ጓደኛ ከሆነ ውሉ አይሰራም ይላል።

"ይሄስ?" አልኩት።

ሮይስ አንገቱን አከከ። ፍርድ ቤት እንዳይጠጋኝ ያዘዘው ባሌ ድዋይት፣ ሁለት ጊዜ በሬን ሰብሮ እንደገባ ያውቃል።

"ድዋይት እኮ ክፉ ሰው አይደለም" አለ።

"ላንተማ የውጭ አልጋ ነው። የቤት ቀጋነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ቤቴ ሌባ ገብቶ አያውቅም፣ ሮይስ። የሚገባብኝን ሰው በስሙ አውቀዋለሁ፤ እናንተ ደግሞ እሱን ብቻ ነው የዘለላችሁት።"

"እሺ፣ ያለ ጠበቃ ብትከሰሺስ?"

"የሚፈርዱብኝ አስራ ሁለት ተራ ሰዎች የሚመረጡት ከዚሁ ካውንቲ ነዋሪዎች መሃል ነው አይደል?"

"አዎ።"

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩለትና የኋላ ወንበሮች ላይ ወደተቀመጡት ጎረቤቶቼ አመለከትኩ።

"እንግዲያው በሬን ሁለቴ ማን እንደጠገነልኝ እነሱን ጠይቃቸው።"