ያልተመለሰው ቬሎ

ምብራት መቀሱን ሳቴኑ ውስጥ አስገባች። መሬት ይጠርግ የነበረውን ነጭ ቀሚስ ዙሪያውን እስከ ባት ድረስ ከረከመችው። «እሰይ! ክብረት ልጇን ባቷ ተጋልጦ ለሠርገኛ ታሳይ!» አለች ለብቻዋ።

ቬሎው የእናቷ የትብለጽ ነበር። ትብለጽ በንጉሡ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ፣ በገዛ እጇ ሰፍታ ተድራበታለች። አንገቱ ከትከሻ ትከሻ የተከፈተ፣ ወገቡ ጥብቅ ብሎ ከዚያ በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ነው። ምብራት ለራሷ ሠርግ አስቀምጣው ሳለ፣ የአፍንጮ በር ጎረቤቷና የልብ ጓደኛዋ ክብረት ቀድማ ልትዳር ሆነና ተዋሰችው። ቬሎ መዋዋስ ያኔ በሰፈሩ የተለመደ ነበር። «ከመልሴ ማግስት አመጣልሻለሁ» ያለች ሴት፣ በኋላ «ወይን ፈሶበት ተበላሸ፤ ጣልኩት» ብላ አረፈች። ምብራት የሰው ላብ የሚሸት የኪራይ ቬሎ ለብሳ ተዳረች። ትብለጽ ልጇን በዚያ ልብስ ስታያት ከድግሱ መሃል ተነሥታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ፣ ማራናታ የምትባል ሙሽራ ያንኑ ቬሎ ታቅፋ ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና አናት ያለው የምብራት ስፌት ቤት ከች አለች። ቬሎው ጠብታ እድፍ የለበትም።

«የእናቴ የክብረት ነው። ወገቡን ብቻ ያስፉልኝ፤ ጫፉን ከነኩት እናቴ ትገድለኛለች» አለች።

ምብራት ፈገግ ብላ ተቀበለቻት። ልጅቱ እንደወጣች ግን ቬሎውን ገልብጣ የእናቷን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። ያቺ ቀጣፊ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ኖሯል!

ዛሬ ማራናታ ለልክ መጣች። ለብሳ መስታወት ፊት ቆመችና አጭሩን ጫፍ አየች። ምብራት ጩኸቱን ጠበቀች። ልጅቱ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች።

«እትዬ ምብራት! እንዴት አወቁብኝ? የዱሮው ፋሽን እኮ እንዲህ አጠር ያለው ነው! እናቴን ፈርቼ ነው እንጂ ይሄንኑ ነበር የምፈልገው» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

ምብራት ጨሰች። የእናቷን የእጅ ሥራ በገዛ መቀሷ ቆርጣ፣ የክብረትን ልጅ አስደስታ ቁጭ! ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ጎንበስ አለች።

በሩ ተከፈተ። ክብረት ናት፤ ወፍራለች፣ በወርቅ ተንቆጥቁጣለች። መጀመሪያ ያየችው ቀሚሱን ነው።

«ኧረ በማርያም! ማነው እንዲህ ያበላሸ...»

ምብራት ቀና አለች። ክብረት ለየቻትና ቃሉን ዋጠችው።

«አያምርም፣ እማ?» አለች ማራናታ እየተሽከረከረች።

«ያምራል» አለች ክብረት።

«እትዬ ምብራትም ስፌቱን ሲያደንቁ ነበር። ለመሆኑ ማን ነው የሰፋልሽ?»

ክብረት የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጠች፤ ወደ በሩ አየች። ምብራት ስፒሎቹን ከከንፈሯ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወንበር ሳበችላት።

«ቁጭ በዪና ንገሪያት እንጂ፣ ክብረት። እኔም ልስማ።»