የቀኝ በሬ በላይቭ

አርብ ገበያ ላይ በሬ በላይቭ ለመሸጥ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ሞክሬያለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ኢንፎርሜሽን ሲስተም ተምሬ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ንፋስ መውጫ እናቴ ቤት ቁጭ ብሎ የሥራ ማስታወቂያ መጠበቅ ሰልችቶኛል። የአዲስ አበባ ልጆች ጫማና ሽቶ በላይቭ ሲቸበችቡ እያየሁ፣ እኛ ዘንድ ሰው በዐይኑ ሳያይ የማይገዛው ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። በሬ ነው። ማሳየት ደግሞ እችላለሁ።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቼ «ከብት ተራ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን እትዬ ውባለም ደወሉልኝ። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ገደል ገብቶ ሞቶባቸዋል። የግንቦት ዝናብ ጀምሯል። በሳምንት ውስጥ ጥማዱን ካላሟሉ የባላቸው ወንድም እኔ አርሼ እኩል እንካፈላለን ብሎ መሬቱ ውስጥ ሊገባ ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ እንደማይወጣ ያውቁታል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ገበያ ለገበያ መዞር አይችሉም። ቀጥረው የሚያሳርሱት ሰው አላቸው፤ ግን በሌላ ሰው ዐይን በሬ አይገዙም። እኔ እንዳሳያቸው፣ ምርጫውን ግን ለእሳቸው እንድተው ነገሩኝ።

አርብ ጠዋት ከብት ተራው ሳይሞላ ደረስሁ። ጋሽ ላቀው የሚባሉ ገበሬ አንድ ቀይ በሬ ይዘው ቆመዋል። ገዢዋ እስቴ ሆነው በስልክ እንደሚያዩ ስነግራቸው አንዴ በሬውን፣ አንዴ እኔን አዩና፣ ተጠምዶ ሳያይ በሬ የሚገዛ ሰው ጤነኛ አይደለም አሉ። እትዬ ውባለምም ያሉኝ ይህንኑ ነበር።

ከገበያው ሥር ደምሌ የሚባል ሰው ማሳውን እያረሰ ነበር። ጋሽ ላቀው ለምነውት አንዱን በሬውን ፈታና የእሳቸውን በቦታው ጠመዱ። እኔ ለማሳው ጀርባዬን ሰጥቼ ዳር ላይ ቆምኩና ስልኬን በሰልፊ ስቲክ ወደ ላይ አነሳሁ። የከፈትኩት የፊት ካሜራውን ነው። ፊቱ የማይታይ ሻጭ ተመልካች አያምነውም፤ በዚያ ላይ የሚጻፈውን አስተያየት ማንበብ አለብኝ። በትከሻዬ በኩል ጥማዱ ሲመጣና ሲመለስ ይታያል።

ስጀምር አሥራ ሁለት ሰው ነበር፤ ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ፈር ሲያልቅ ስድሳ ሆነ። ጋሽ ላቀው ዞረው ሲመለሱ ሦስት መቶ። ስለ በሬው አንድ ነገር እንዲናገሩ ብለምናቸው እምቢ አሉ። በሬው እያረሰ የሚለፈልፍ ሻጭ ነውር የሚደብቅ ይመስላል፤ ሴትዮዋ ዐይን አላት፣ ትፍረድ አሉኝ።

እትዬ ውባለም በልጃቸው ስልክ እንግዳ ሆነው ገቡና ጥማዱ ሁለት ጊዜ እስኪመላለስ አዩ።

«የሞተብኝ የቀኙ ነው» አሉ። «ይኸም የቀኝ ነው። አረማመዱን ወድጄዋለሁ፤ ጨርሺልኝ።»

በሬ ቀኝና ግራ እንዳለው የሰማሁት ያኔ ነው። አንድ ተመልካች ጽፎ አስረዳኝ፤ በሬ የሚያርሰው ከወይፈንነቱ በለመደው ጎን ብቻ ነው። ጎኑን ከለወጡበት ይዞራል፣ ይተኛል፣ ቀንበር ይሰብራል፤ ለማስለመድ ወራት ይፈጃል። ደስ የሚል መረጃ ነው ብዬ አለፍኩት። ቀብዱ በስልክ ገባ።

በዚህ መሐል መምሬ ገብረ ሚካኤል ከገበያ ሲመለሱ በዚያ አለፉ። ሰዉ መስቀል ሊሳለም ከበባቸው። እኔም ለተመልካቾቼ ቡራኬ ለመንኳቸው። ስልኩን እንደ ሰው ትኩር ብለው አዩትና መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ባረኩ። ላይቩን ዘግቼ ምሳ ልበላ ገባሁ።

ሽሮው ሳይቀርብ ስልኬ ያብድ ጀመር። የቡራኬውን ክፍል አንድ ሰው ቆርጦ ለጥፎት አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። ብድግ ብዬ ቆምኩ፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቻናሌ ላይ በየደቂቃው ሰው ይገባል፤ ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከላይና ከታች ጋይንት። ከዚያ አስተያየቱን ማንበብ ጀመርኩ። መስቀል በግራ እጅ የሚይዝ ቄስ ታይቶ ያውቃል ይላሉ። ክህነቱን ማን ሰጠው የሚል አለ። አንዱ «ግራኙ መምሬ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ ስሙ በጣም ተወዷል።

መምሬ በግራ እጃቸው አልባረኩም። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቪዲዮውን ከፈትኩት፤ በግራቸው ነው። የለበስኩት ሹራብ ላይ ያለው ጽሑፍም ተገልብጧል። የፊት ካሜራው እንደ መስታወት ሆኖ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎታል። ስለ ኮምፒውተር አራት ዓመት የተማረች ሰው ይህን ልትረሳ አይገባትም ነበር።

የመምሬ ነገር አላስጨነቀኝም፤ በአንድ ቪዲዮ አስተካክለዋለሁ። ያስደነገጠኝ በሬው ነው። ሽሮውን ትቼ ወደ ከብት ተራ ሮጥኩ።

«ጋሽ ላቀው፣ በሬው በየት በኩል ነው የሚያርሰው?»

«በግራ ነዋ። ስትቀርጪ አልነበርሽ?»

ነገርኳቸው። ገዢዋ አይታ ገዝታለች፣ ቀብድ ልካለች፣ የካሜራ ጉዳይ እኔን አያገባኝም አሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሬው አይሱዙ ላይ ይጫናል። እኔ ዝም ካልኩ ሰኞ እስኪጠመድ ማንም አያውቅም። ሰኞ ግን ሁለት የግራ በሬ በአንድ ቀንበር ሥር ሲጋፋ፣ እትዬ ውባለም መሬታቸውን ለባላቸው ወንድም ያስረክባሉ፤ የእኔም ቻናል በዚያው ያበቃል። ይህን ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። ለእትዬ ውባለም ደውዬ ነገርኳቸው።

«እና አሁን ሁለት ግራ ይዤ ምን ልሁን?» አሉኝ።

«ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ።»

«ያለኝ አንድ ሳምንት ነው አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ። ግማሽ ሰዓት ምን ይሠራልሻል?»

አርባ ሺው ሰው ሳይበተን ልደርስበት ነው አልኳቸው። ተቆጥቶ የመጣ ሰው ቁጣው ሲበርድ ይሄዳል።

መምሬን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አገኘኋቸው። የሆነውን ስነግራቸው የጠየቁኝ ስንት ሰው እንደሰደባቸው ብቻ ነው። ቁጥሩን ነገርኳቸው።

«ለቅዳሴ ይህን ያህል ሰው መጥቶልኝ አያውቅም» አሉና መስቀላቸውን አወጡ።

የኋላ ካሜራውን ከፍቼ ላይቭ ገባሁ። ሁለት ሺህ፣ አምስት ሺህ፣ ዘጠኝ ሺህ። መምሬ በቀኛቸው ባረኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ይቅርታ የጠየቃቸው ጥቂት ነው፤ የቀረው ሳቀና እኔን መስደብ ጀመረ። ግድ የለኝም፤ አልወጡም። ትንፋሽ ሳልወስድ እትዬ ውባለምን አስገባኋቸውና፣ ለእስቴ የቀኝ በሬ እንፈልጋለን፣ ያለው ሰው አሁኑኑ ጠምዶ ያሳይ አልኩ።

ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ ስልክ ቁጥሩ ጎረፈ። አንዱ ፍየል ላከ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ «እኔ ቀኝ ነኝ፣ ልምጣ?» ብሎ ጻፈ። ሳነብላቸው እትዬ ውባለም «ጥርሱን ያሳየኝ» አሉ፤ ዘጠኝ ሺህ ሰው ሳቀ።

ከስማዳ ክንዱ የሚባል ገበሬ ገባ። ሦስት በሬ አለው፤ አንዱን ሊሸጥ ይፈልጋል፤ ማሳው ውስጥ ቆሟል። ሚስቱ ስልኩን ይዛለታለች። እትዬ ውባለም አሁን ማንንም አያምኑም።

«መጀመሪያ የምትበላበትን እጅ አንሳ» አሉት። አነሳ። «አሁን ከሞፈሩ ኋላ ቁም። በዚያው እጅህ በኩል ያለውን በሬ ነካ አድርገው።» ነካው። «እንግዲህ ንዳ።»

ሦስት ፈር አሳረሱት። አስተያየት የሚጽፍ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ አፈር ሲገለበጥ ብቻ ያያል።

«ይምጣልኝ» አሉ።

ጋሽ ላቀው ይህን ያህል ሰው ነገሩን አውቆት እምቢ ማለት ስላልቻሉ ቀብዱን እያጉረመረሙ መለሱና በሬያቸውን ነድተው ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። የክንዱ በሬ ቅዳሜ ከስማዳ ተነሥቶ እሑድ እስቴ ገባ።

ሰኞ ረፋድ ላይ እትዬ ውባለም ደወሉ። ከበስተኋላቸው ጅራፍ ይጮኻል። ሁለቱ በሬዎች ተግባብተዋል፤ የማሳው እኩሌታ ታርሷል። የባላቸው ወንድም አጥሩ ዳር ቆሞ እያየ ነው አሉኝ።

«ይኼ ላይቭ የምትዪው ነገር የቱ ሲነካ ነው የሚጀምረው?» አሉ። «ቶሎ በይ፣ ሳይሄድብኝ።»